የሲኦፒዲ ታካሚን ከማስተማር በፊት ምን እንጠይቀው?

ጥያቄው፦ «በሆስፒታል የሳንባ ክትትል ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። አብዛኞቹ ታካሚዎቻችን ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧን የሚያጠብና ትንፋሽን የሚያሳጥር የረጅም ጊዜ የሳንባ በሽታ) ያለባቸው ናቸው። ከውጭ የተዘጋጀ የታካሚ መመሪያ አስተርጉመን፣ ሥዕሎቹንም ታካሚዎቻችንን በሚመስሉ ሰዎች ቀይረን በትንሽ መጽሐፍ መልክ አሳተምን። ስንሰጣቸው ያመሰግናሉ፤ ‹ገባችሁ?› ስንል ‹አዎ› ይሉናል። በቀጠሯቸው ሲመጡ ግን በየቀኑ መወሰድ ያለበት ኢንሄለር (በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳብ መድኃኒት) እንደሞላ ነው፤ ለጭንቅ ጊዜ የተሰጣቸው ደግሞ አልቋል። ትምህርቱን ከባህላቸው ጋር ለማስማማት ከዚህ በላይ ምን ማድረግ እንችላለን?»

መልስ፦ ከነገሩን ሁሉ ትልቁን መረጃ የያዙት ሁለቱ ኢንሄለሮች ናቸው። አንዱ አልቆ ሌላው አለመነካቱ ታካሚዎችዎ ግድ የለሾች እንዳልሆኑ ያሳያል። መድኃኒት ይወስዳሉ፤ የሚወስዱት ግን ሲሠራ የሚሰማቸውን ነው። ለጭንቅ ጊዜ የሚሰጠው ሳልቡታሞል በደቂቃዎች ውስጥ የአየር ቧንቧን ያላላል፣ ትንፋሽም ቀለል ይላል። በየቀኑ የሚወሰደው ዋና ጥቅሙ ቀስ ብሎ የሚታይ ነው፤ ሕመሙ በተደጋጋሚ እንዳይባባስ ይከላከላል፣ የዕለት ተዕለት ትንፋሽንም ያሻሽላል። አንድ ሰው «መድኃኒት ሲያም ይወሰዳል፣ ሲሻል ይተዋል» ብሎ ካመነ፣ ያደረገው ነገር ከእምነቱ ጋር ፍጹም የሚስማማ ነው። መጽሐፋችሁ «በየቀኑ ይውሰዱ» ብሎ አዘዘ እንጂ ይህን እምነት አልነካውም።

እ.ኤ.አ. በ1999 የጤና ተመራማሪው ኬን ሬስኒኮው እና ባልደረቦቹ የጤና ትምህርትን ከባህል ጋር ስለማስማማት ሲጽፉ ሁለት እርከኖችን ለይተው ነበር። የመጀመሪያው ላይ ላዩ ነው፦ ቋንቋው፣ ሥዕሉ፣ የሰዎቹ መልክና አለባበስ። ሁለተኛው ጥልቁ ነው፦ ሰዎች ስለ ሕመም መንስኤ የሚያምኑት፣ የሚፈሩት፣ የሚያፍሩበት፣ በቤት ውስጥ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ። የላዩ ሥራ ትምህርቱን ተቀባይነት እንዲያገኝ ያደርገዋል፤ ሰውዬው የሚያደርገውን ነገር የሚለውጠው ግን የጥልቁ ነው። እናንተ የመጀመሪያውን በሚገባ ሠርታችኋል፤ ጥያቄዎ የሚጀምረው ሁለተኛው ላይ ነው።

ወደዚያ የሚያስገባው መንገድ መጠየቅ ነው። የአእምሮ ሐኪምና የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ የሆነው አርተር ክላይንማን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረቧቸው ጥያቄዎች እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚጠቅሙ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። ለሲኦፒዲ እንዲስማሙ አድርጌ ላስቀምጣቸው፦ ይህ የትንፋሽ ችግር ከምን የመጣ ይመስልዎታል? ለምን በዚያን ጊዜ ጀመረዎት? ሰውነትዎ ውስጥ ምን እያደረገ ነው ብለው ያስባሉ? ከዚህ በኋላ ወዴት የሚሄድ ይመስልዎታል? ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ምኑን ነው? ሕክምናው ምን ቢያደርግልዎት ደስ ይልዎታል? እኔ ሁለት እጨምራለሁ። ኢንሄለር እንደሚጠቀሙ ማን ያውቃል? ሲብስብዎት መጀመሪያ የሚነግሩት ለማን ነው፣ «እንሂድ ሐኪም ቤት» ብሎ የሚወስነውስ ማን ነው?

አጠያየቁ ከጥያቄዎቹ እኩል ይከብዳል። ለባለሙያ አክብሮት ያለው ሰው «ገባዎት?» ሲባል ከ«አዎ» ሌላ ጨዋ መልስ የለውም፤ ስለዚህ ይህን ጥያቄ ከክሊኒካችሁ ብታስወጡት ምንም አትጎዱም። እምነትን ስትጠይቁም በቀጥታ «እርስዎ እንዲህ ያምናሉ?» ከማለት «አንዳንድ ሰዎች ኢንሄለር ከተጀመረ አይተውም፣ ሱስ ይሆናል ይላሉ፤ እርስዎ ምን ሰምተዋል?» ማለት ይሻላል። ሰውዬው የራሱን ሐሳብ በሌሎች ስም መናገር ይችላል፣ አያፍርም። በተቻለ መጠን አንዴ ለብቻው፣ አንዴ ደግሞ ከቤተሰቡ ጋር ጠይቁት። ሁለቱ መልሶች ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ ልዩነታቸው ራሱ የሚያስተምር ነው። መልሶቹ መደጋገም እስኪጀምሩ ድረስ የተለያዩ ታካሚዎችን አነጋግሩ፦ ሴቶችንም ወንዶችንም፣ የተማሩትንም ያልተማሩትንም፣ አጫሾችንም ጨርሶ ያላጨሱትንም። ከዚያ በኋላ ብቻ ጽሑፉን አንሡ።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ከዚህ የሚወጣው «የእንዲህ ዓይነት ሰዎች እምነት ይህ ነው» የሚል ዝርዝር እንዳይሆን። በአንድ ቤት ያደጉ ሁለት እኅትማማቾች ስለ አንድ ሕመም ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊያምኑ ይችላሉ። የሰበሰባችሁት መልስ የሚጠቅመው ለሚቀጥለው ታካሚ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ ስለሚያሳያችሁ ነው፤ እሱን በራሱ አንደበት ከመስማት አያድናችሁም።

የትም ቦታ ቢሆን ደጋግመው ከሚመጡት መልሶች የተወሰኑትን ላንሳ፤ ትምህርቱ የሚሠራው እዚህ ላይ ስለሆነ።

«እርጅና ነው።» ሲኦፒዲ በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ሳያውቀው ኑሮውን ያጠብበታል። መጀመሪያ ዳገት ይተዋል፣ ቀጥሎ ሸክም፣ ቀጥሎ ራቅ ያለ መንገድ፤ በመጨረሻ «ምንም አያመኝም» ይላል፣ የሚያደክመውን ሁሉ ስለተወ። እዚህ ላይ ስለ ሳንባ ሥዕል ከማስረዳት በፊት «ከአምስት ዓመት በፊት የሚያደርጉት፣ አሁን የተዉት ነገር ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙ በር ይከፍታል። ከዚያም በዕድሜ የሚመጣ ድካም እኩዮቹን ሁሉ እንደሚነካ፣ እሱ ግን በደልዳላ መንገድ ላይ ከእኩዮቹ ጋር መራመድ ካቃተው ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ያስረዱታል። የስፓይሮሜትሪ (በመንፋት የሳንባን አቅም የሚለካ ምርመራ) ውጤት ለብዙ ሰው የሚገባው እንዲህ ከተገለጠ በኋላ ነው፦ «ሳንባዎ የያዘውን አየር በአንድ ሰከንድ ውስጥ አብዛኛውን ማስወጣት ነበረበት፤ የእርስዎ ግን እየተጨናነቀ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።»

«እኔ አጭሼ አላውቅም።» ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እውነታቸውን ነው፣ መመሪያዎቻችን ግን ስለ ሲጋራ ብቻ ሲያወሩ እነሱን ከበሽታው ውጪ ያደርጓቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በከፍተኛ ገቢ አገሮች ከሲኦፒዲ ታማሚዎች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከትምባሆ ጋር የተያያዙ ሲሆኑ፣ በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ግን ድርሻው ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፤ በእነዚህ አገሮች የቤት ውስጥ ጭስ ትልቅ ቦታ ይይዛል። በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ጭስ ለዓመታት ያበሰለች ሴት፣ በአቧራና በኬሚካል ጭስ ውስጥ የሠራ ሰው፣ የሳንባ ነቀርሳ ታክሞ የዳነ ሰው፣ በልጅነቱ ሳንባው በደንብ ያላደገ ሰው፣ ሁሉም በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸውን ማግኘት አለባቸው። አጫሹ ደግሞ በተቃራኒው ሌላ ችግር አለበት፦ «በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው» ብሎ ስለሚያስብ ሕክምና የሚገባው አይመስለውም። ማጨስ ማቆም በማንኛውም ደረጃ ላይ የሳንባን መዳከም ፍጥነት እንደሚቀንስ ስትነግሩት በድምፃችሁ ውስጥ ወቀሳ ካለ፣ የሚሰማው ወቀሳውን ብቻ ነው።

«ኢንሄለር የመጨረሻ ደረጃ ነው፤ ሱስ ያሲዛል፤ ሳንባ ያደክማል።» ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ብትጠይቁ ታካሚው ያየው ነገር ይነግራችኋል፦ ጎረቤቱ ኢንሄለር ጀመረ፣ ከዓመታት በኋላ ሞተ። ማየቱ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን ገልብጦታል። ስለዚህ «ይህ ተረት ነው» አትበሉት። ጎረቤቱ ምን ያህል ታሞ እንደጀመረ ጠይቁት፣ መድኃኒቱ የተጀመረው ሕመሙ ስለበረታ መሆኑን ራሱ ይድረስበት። የሱስን ነገር ደግሞ ለይታችሁ ንገሩት፦ መድኃኒቱ ሲቆም የሚመለሰው ሕመሙ ነው፣ አምሮት አይደለም። ለጭንቅ ጊዜ የተሰጠውን ከበፊቱ አብዝቶ መፈለጉ ግን ሕመሙ እየባሰ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ስለሆነ ሊመጣ ይገባዋል።

«ሰው ይሸሸኛል።» ሳልና አክታ የሳንባ ነቀርሳ በሚፈራበት ቦታ ሁሉ ሰውን ያገልላሉ። ታካሚው በሰው ፊት ኢንሄለሩን አያወጣም፤ ሥራ ቦታ ላይ አይወስድም፤ የታጨች ልጅ ካለች ጭራሽ ይደብቃል። ሲኦፒዲ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ለታካሚው ብቻ መንገር እዚህ ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ መስማት ያለባቸው አብረውት የሚበሉና የሚያድሩ ሰዎች ናቸው። ሆኖም ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የዘለቀ አዲስ ወይም የተለወጠ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ የነቀርሳ ምርመራ መደረግ አለበት፤ ሲኦፒዲ መኖሩ ነቀርሳን አያስቀርም። ወደ እፍረቱ ስንመለስ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ የሚወሰደውን መድኃኒት ቤት ውስጥ፣ ጧት ከመውጣትና ማታ ከመተኛት በፊት እንዲሆን ማስተካከል ለሚያፍር ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። በሃይማኖቱ ምክንያት በተወሰኑ ሰዓታት ምንም ነገር በአፉ የማያስገባ ሰውም በዚሁ መንገድ ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን ማመቻቸት ይችላል፤ ካልጠየቃችሁት ግን አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ ይዘለዋል።

አሁን ወደማይለወጠው ልሂድ። ከባህል ጋር ማስማማት ሲባል ሁሉም ነገር ለድርድር ይቀርባል ማለት አይደለም። የኢንሄለር አጠቃቀም፣ የመድኃኒቱ መጠን፣ የአደጋ ምልክቶች እና ከጭስ መራቅ በባህል የሚለወጡ አይደሉም። ለውጡ በምሳሌው፣ በቅደም ተከተሉ፣ በሚናገረው ሰው እና በሚነገርበት ቦታ ላይ ነው።

በተለይ የኢንሄለር አጠቃቀም ላይ ከአፍ ትምህርት ፈቀቅ በሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ የ40 ዓመታት ጥናቶችን የገመገመ ሥራ በትክክል የሚጠቀሙት 31 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል፤ ጉዳዩ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አለመሻሻሉንም ጭምር። ይህ በሁሉም አገር፣ በተማረውም ባልተማረውም ዘንድ ያለ ችግር ነው። ግፊት ያለው ኢንሄለር ቀስ ተብሎ በጥልቀት ይሳባል፤ በዱቄት መልክ ያለው ደግሞ በፍጥነትና በኃይል። ሁለቱን የሚጠቀም ሰው ማደባለቁ የተለመደ ነው። ከሳቡ በኋላ እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሽን መያዝ፣ ስቴሮይድ ያለበትን ከወሰዱ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ግፊት ያለውን ሲወስዱ ስፔሰር (በኢንሄለሩና በአፍ መካከል የሚገባ ቱቦ) መጠቀም አለባቸው። ይህን ሁሉ ካሳያችሁት በኋላ «አሁን እርስዎ ለእኔ ያሳዩኝ» በሉት። ሲሳሳት እንዳያፍር ሸክሙን ወደ ራሳችሁ ውሰዱ፦ «በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ ፈልጌ ነው፤ ቤት ሲገቡ ለልጅዎ እንዴት አድርገው እንደሚያሳዩ ያሳዩኝ።» በሚቀጥለው ቀጠሮም እንደ አዲስ ያሳይ። ትክክለኛ አጠቃቀም በሳምንታት ውስጥ ይረሳል።

ስለ ጭስ ስታስተምሩ ለታካሚዋ ብቻ አትናገሩ። «ከጭስ ይራቁ» የሚለው ምክር ለምታበስል ሴት «ቤተሰብዎን አያብሉ» እንደማለት ሊሆን ይችላል፤ ማገዶውን የሚገዛው፣ ግድግዳ መብሳት የሚፈቅደው፣ ሌላ ምድጃ ለመግዛት ገንዘብ የሚያወጣው ሌላ ሰው ነውና። ያ ሰው ካልመጣ ትምህርቱ በእሷ ላይ ተጨማሪ ጭንቀት ብቻ ይሆናል። ሲመጣ ደግሞ ከሚቻለው ጀምሩ፦ በደንብ የደረቀ እንጨት፣ ጭስ ማውጫ፣ ከቤት ውጭ ማብሰል፣ ሥራውን መከፋፈል፣ ልጆችን ከምድጃው ማራቅ፣ አቅም ሲፈቅድ ወደ ጋዝ ወይም ኤሌክትሪክ መለወጥ። በኡጋንዳ፣ በኪርጊዝስታን፣ በቬትናምና በግሪክ የተካሄደው «ፍሬሽ ኤር» የተባለው ፕሮጀክት ትኩረት ካደረገባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው ነበር፤ የተሻለ ምድጃ ማኅበረሰቡ ራሱ ካልመረጠውና ከአበሳሰሉ ጋር ካልገጠመ ተሰጥቶ ማእዘን ላይ ይቀመጣል።

የሳንባ ማገገሚያ ሥልጠና (በእንቅስቃሴ የታካሚውን አቅም የሚመልስ ፕሮግራም) መጽሐፋችሁ ውስጥ መኖሩን አልነገሩኝም፤ ከሌለ ይግባ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 65 ጥናቶችን አይቶ በትንፋሽ፣ በአቅምና በኑሮ ጥራት ላይ ግልጽ ጥቅም እንዳለው ደምድሟል፤ ከመድኃኒት ይልቅ ትንፋሽ ማጠርን የሚያቃልለው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። እዚህ ላይ ያለው ጥልቅ እምነት ደግሞ «የታመመ ሰው ያርፋል» የሚለው ነው። ቤተሰብ ከፍቅር የተነሣ ውሃ ያቀርባል፣ ከመቀመጫው እንዳይነሣ ይከለክለዋል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ በትንሽ እንቅስቃሴም ትንፋሹ ያጥራል። ይህን ፍቅር አትንቀፉት፣ ሥራ ስጡት፦ አብሮት የሚራመድ፣ ሰዓት የሚይዝለት፣ ሲያቆም አብሮ የሚያቆም ሰው ይሁን። ትንፋሽ ማጠሩ ራሱ ሳንባውን እንደማይጎዳው፣ ማውራት እየቻለ ግን መዝፈን እስኪያቅተው ድረስ መራመድ ልክ መሆኑን ሁለቱም ይስሙ። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ማንሣት፣ መራመድ ይበቃል። በኡጋንዳ ከሳንባ ነቀርሳ በኋላ ሳንባቸው ለተጎዳ ሰዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለስድስት ሳምንት የተሰጠ ሥልጠና ውስን አቅም ባለበት ሆስፒታልም ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል። ሴቶችና ወንዶች አብረው መሠልጠን የሚከብዳቸው ከሆነ ሰዓቱን ለዩት።

ስለ መባባስ ምልክቶች የምታስተምሩት ክፍል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በካናዳ ኩቤክ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የተመራማሪው የቡርቦ ጥናት፣ ራሳቸውን እንዲንከባከቡ በባለሙያ ክትትል የሠለጠኑ ታካሚዎች በሕመሙ መባባስ ምክንያት ሆስፒታል መተኛታቸው በ40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳየ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የጦር ጡረተኞች ሆስፒታሎች የተሠራ ተመሳሳይ ጥናት ከመጠናቀቁ በፊት ተቋረጠ፤ በተማረው ቡድን 28፣ በሌላው 10 ሰዎች ሞተው ነበር። ምክንያቱ እስከ መጨረሻው አልተገለጠም። እኔ ከሁለቱ የምወስደው አንድ ነገር ነው፦ የቤት መድኃኒትና ወረቀት ሰጥታችሁ ታካሚውን ብቻውን አትተዉት። በዕቅዱ ላይ የሚደወልለት ሰው ይኑር፣ ያ ሰውም ስልኩን ያንሣ።

ዕቅዱ ራሱ አጭር ይሁን። ትንፋሹ ከወትሮው ይበልጥ ካጠረ፣ አክታው ከበዛ ወይም ቀለሙ ወደ ቢጫና አረንጓዴ ከተለወጠ፣ ይደውል። ሁለት ቃል ሳያርፍ መናገር ካቃተው፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ከመጠን በላይ ካንቀላፋው፣ አይጠብቅ፣ ወዲያው ይምጣ። ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕልና ቀለም ይረዳሉ፤ ከእነሱም የተሻለ ያየሁት፣ እሱ በሚያውቀው ድምፅና በሰፈሩ አነጋገር ስልኩ ላይ የተቀረጸ የሁለት ደቂቃ መልእክት ነው። ሌሊት ላይ «ይምጣ አይምጣ» የሚለውን የሚወስነው የቤተሰብ አባል ይህን መልእክት ከታካሚው ጋር ይስማው።

ኦክስጅን ለታዘዘላቸው ጥቂቶች ደግሞ ለብቻው ጊዜ ስጡ። በዕረፍት ላይ የደም ኦክስጅናቸው በጣም ዝቅ ላለ ሰዎች በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት መውሰድ ዕድሜን እንደሚያራዝም እ.ኤ.አ. ከ1980 እና ከ1981 ጥናቶች ጀምሮ ይታወቃል። ሲጨንቃቸው ብቻ ለጥቂት ደቂቃ የሚከፍቱ ግን ብዙ ናቸው፣ ልክ እንደ ኢንሄለሩ። ብዙ መክፈትም የተሻለ አይደለም፤ ለአብዛኞቹ የሲኦፒዲ ታካሚዎች የደም ኦክስጅን ግቡ ከ88 እስከ 92 በመቶ ነው። ቤት ውስጥ ሻማ፣ እሳት፣ ሲጋራ ወይም ማንኛውም ነበልባል ኦክስጅኑ አጠገብ ፈጽሞ እንዳይደርስ ለመላው ቤተሰብ ንገሩ።

ሥራው ፍሬ ማፍራቱን የምታውቁት ታካሚዎቹ ስላመሰገኑ አይሆንም። የኢንሄለሩን ቆጣሪ አንብቡ፣ አጠቃቀሙን ከፊታችሁ ያሳዩ፣ ድንገተኛ ክፍል የመጡበትን ጊዜ በካርዳቸው ላይ ቁጠሩ፣ በመጀመሪያው ቀን «ይህን ማድረግ ብችል ደስ ይለኛል» ያሉትን ነገር ማድረግ ችለው እንደሆነ ጠይቁ። ከታካሚዎቹ መካከል የተሻለውና ደፋሩ ከእናንተ ጋር ቆሞ ሌሎቹን ቢያስተምር እጅግ ይጠቅማል፤ «እኔም ፈርቼው ነበር» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከእሱ በቀር ማንም በእውነት ሊናገረው አይችልም።

የታተመውን መጽሐፍ አትጣሉት። ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ጠይቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚያስፈልገውን አንድ ገጽ ብቻ ከፍታችሁ፣ ስሙን ጻፉበት፣ የራሱን መድኃኒት አክብቡበት፣ ከቀጠሮ ካርዱ ጋር አያይዙለት። ሌላው ገጽ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ይቆይ።